ተስቦውን ያመጣው የላሟ መዥገር ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «አባቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ገጠር ይኖራሉ። ሰሞኑን ከባድ ትኩሳትና ራስ ምታት ይዟቸው ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ታይፈስ ነው ተባሉ። ወረቀቱ ላይ 'ዋይል ፌሊክስ፣ ኦኤክስ 19፣ 1፡160' ይላል። ከመታመማቸው በፊት ከላሞቹ ላይ መዥገር በእጃቸው ሲነቅሉ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ 'መዥገሩ ነው' ይላል። ወንድሞቼም ላሞቹን እንሽጣቸው እያሉ ነው። አባቴ በወጣትነታቸውም ተስቦ ይዟቸው እንደነበር ያወራሉ። ለመሆኑ መዥገር የታይፈስን ባክቴሪያ ተሸክሞ ወደ ሰው ማስተላለፍ ይችላል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ወንድሞችሽን አረጋጊልኝ። ላሞቹ አይሸጡም። ሰዉ ተስቦ የሚለውን፣ ወረርሽኝ የሚያስነሳውን ታይፈስ የሚያመላልሰው የልብስ ቅማል ነው እንጂ መዥገር አይደለም። ይህ ግን የመልሱ ግማሽ ብቻ ነው። መዥገር የዚህን ባክቴሪያ የቅርብ ዘመዶች ተሸክሞ ይዞራል፤ ሰውም ያሳምማል። አባትሽ የያዙት ወረቀት ደግሞ አንዱን ከሌላው አይለይም። ስለዚህ የጎረቤቶችሽ ጥርጣሬ እንዲሁ ከሜዳ የተነሳ አይደለም።

ታይፈስ ስል ታይፎይድን ማለቴ እንዳልሆነ ልብ በይ። ታይፎይድ በተበከለ ምግብና ውኃ የሚመጣ የአንጀት በሽታ ነው። ከቅማልም ከመዥገርም ጋር ጉዳይ የለውም። እዚህ አገር ሁለቱ ምርመራዎች አብረው ስለሚታዘዙ ብቻ ነው ሰው ሁሉ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ ተባልኩ» እያለ የሚወጣው።

የተስቦው ባክቴሪያ ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ ይባላል። ስሙ የተወሰደው በሽታውን ሲያጠኑ በዚያው በሽታ ከሞቱ ሁለት ሰዎች ነው። አሜሪካዊው ሃዋርድ ሪኬትስ በ1910 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ሞተ። ስታኒስላውስ ፎን ፕሮዋዜክ ደግሞ በ1915 ጀርመን ውስጥ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቅማል እንደሚያስተላልፈው ያረጋገጠው ቻርልስ ኒኮል ነው፤ በ1909፣ ቱኒስ ውስጥ። ኒኮል ያስተዋለው ነገር ቀላል ነበር። የተስቦ ሕመምተኞች ሆስፒታሉ በር ላይ ሳሉ የሚቀበሏቸውን ሠራተኞች ያስይዛሉ። ልብሳቸውን አውልቀው፣ ታጥበው፣ የሆስፒታል ልብስ ለብሰው ከተኙ በኋላ ግን ማንንም አያስይዙም። ስለዚህ ጉዱ ያለው በሩ ላይ ከሚወልቀው ልብስ ውስጥ ነው። ለዚህ ሥራው በ1928 ኖቤል ተሸለመ።

ቅማሉ እንዴት እንደሚያስተላልፈው ካወቅሽ መዥገሩ ለምን እንደማይሆንለት ወዲያው ይገባሻል። ቅማል የታመመ ሰው ደም ሲጠጣ ባክቴሪያው ወደ አንጀቱ ይገባል። አንጀቱ ውስጥ ይራባል፤ ሴሎቹን ያፈነዳል፤ ከዚያ በቅማሉ ኩስ ይወጣል። በመጨረሻ አንጀቱ ይበሳና የጠጣው ደም ወደ ገላው ይፈስሳል። ቅማሉ ቀይ ይሆናል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥም ይሞታል። ከመሞቱ በፊት ግን ልብሱ ላይ የሚጥለውን ጥሏል። ሰው የሚያዘው በንክሻው አይደለም። ሲበላው ያክካል፤ ኩሱ በተላጠው ቆዳ ይገባል። ወይም በዚያው እጁ ዓይኑን ያሻል። የደረቀ ኩስ እንደ አቧራ ተነሥቶ በትንፋሽም ሊገባ ይችላል። እንዲህ ደርቆ ልብስ ላይ የቀረ ባክቴሪያ ሦስት ወር ያህል ሊቆይ ይችላል። የሞተ ሰው ጋቢ ሳይቀቀል ለሌላ ሰው መስጠት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቅማል ትኩሳት አይወድም። ሰውየው ሲግል፣ ወይም ሞቶ ሲቀዘቅዝ፣ ጥሎት አጠገቡ ወደተኛው ይሄዳል። በቀን አራት አምስት ጊዜ ስለሚበላም አዲስ ሰው መፈለጉ አይቀርም። እስር ቤት፣ የተፈናቃይ ካምፕ፣ የጦር ሠፈር፣ ብርድ ያለበትና ልብስ ተደራርቦ የሚተኛበት ደጋ ለተስቦ የሚመቹት በዚህ ምክንያት ነው። በ1990ዎቹ ብሩንዲ ውስጥ በጦርነት የተፈናቀሉ ሰዎች ካምፖች ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው የታመመው በዚሁ ቅማል ነው። የእኛም ደጋ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል።

ወደ መዥገሩ እንምጣ። መዥገር የሸረሪት ወገን ነው፤ ሲያድግ ስምንት እግር ይኖረዋል። ብዙዎቹ ዝርያዎች በዕድሜያቸው ሙሉ ደም የሚጠጡት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከእንቁላል እንደወጡ፣ መሐል ላይ፣ ካደጉ በኋላ። በየመሐሉ ወራት ይቆያል። ባክቴሪያን ወደ ሰው የሚያሻግረውም በዋናነት በምራቁ ነው። እንግዲህ አንድ ባክቴሪያ በመዥገር ልተላለፍ ካለ ብዙ ፈተና አለበት። ከሆዱ ወጥቶ ምራቅ እጢው መድረስ አለበት። መዥገሩ ቆዳውን ቀይሮ ሲያድግ አብሮት መሻገር አለበት። መዥገሩን ሳይገድልም መኖር አለበት። ከመዥገር ጋር አብረው የኖሩት ሪኬትሲያዎች፣ ማለትም ቀደም ብዬ ያልኩሽ የተስቦው ባክቴሪያ የቅርብ ዘመዶች፣ ይህን ሁሉ ያደርጋሉ። እንዲያውም በእናቲቱ መዥገር እንቁላል በኩል ወደ ልጆቿ ይተላለፋሉ። ፕሮዋዜኪ ግን የሰውና የቅማል ባክቴሪያ ነው፤ የቅማሉንም ቤት አፍርሶ ነው የሚወጣው። ቤተ ሙከራ ውስጥ በመርፌ ወደ መዥገር ገላ ቢያስገቡት ሊራባ እንደሚችል ታይቷል። በመርፌ የገባ ባክቴሪያና መዥገሩ ራሱ ከላም ጠጥቶ፣ ወራት ይዞት ቆይቶ፣ ለሰው የሚሰጠው ባክቴሪያ ግን አንድ አይደሉም።

አሁን ስለ አገራችን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ የማያውቀው ብዙ ነው። ያንቺ ጥያቄ ከ70 ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ በትልቁ ተነሥቶ ነበር። ያኔ የፓስተር ኢንስቲትዩት የሚባል ቤተ ሙከራ ነበረን። እዚያ ትሠራ የነበረች ራይስ ጉትፍሬውንድ የተባለች ተመራማሪ በ1955 አንድ ጽሑፍ አወጣች። ከኢትዮጵያ የቤት እንስሳት ደምና ከራሳቸው ከመዥገሮቹ ላይ ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪን አገኘሁ አለች። ይህ ቀላል ወሬ አይደለም። እውነት ከሆነ ተስቦ በቅማል ማጥፊያ ብቻ የሚጠፋ በሽታ አይሆንም ማለት ነው። በሽታው ከብቶች ላይ ተደብቆ ይቆያል፤ በመዥገር በኩልም ይመለሳል። በዓለም ጤና ድርጅት ዙሪያ የነበሩ ሳይንቲስቶች ጉዳዩን እንደዋዛ ሊያልፉት አልቻሉም።

ስለዚህ ፍለጋ ተጀመረ። ከፈላጊዎቹ አንዱ ቪሊ ቡርግዶርፈር ነው፤ ኋላ በ1982 የላይም በሽታን ባክቴሪያ ያገኘው ሰው። እሱና ባልደረቦቹ ከኢትዮጵያ ከብቶች የተሰበሰቡ መዥገሮችን አንድ በአንድ መርምረው በ1973 ውጤቱን አሳተሙ። ፕሮዋዜኪ አላገኙም። ያገኙት የሌላ ቡድን ሪኬትሲያ ነበር፤ በመዥገር የሚተላለፈው፣ ሽፍታ ያለበት ትኩሳት የሚያመጣው ቡድን። ያ ባክቴሪያ በ1996 ሪኬትሲያ አፍሪኬ ተብሎ ስም ወጣለት። በ1966 ከኢትዮጵያ ከብት ላይ ከተነቀለ መዥገር የተገኘው ዘር ነው በ2009 ሙሉ የዘር ካርታው የታተመለት። የአገራችን መዥገር ተስቦን ሲፈለግበት ሌላ በሽታ ይዞ ተገኘ ማለት ነው።

የ1955ቱ ነገርስ? በእኔ ግምት የቤተ ሙከራ መደባለቅ ነው። የዛሬው ዓይነት የዘረመል ምርመራ በሌለበት ዘመን፣ ባክቴሪያው ከእንስሳ ወደ እንስሳ እየተላለፈ በሚለይበት አሠራር፣ የአንዱ ናሙና ወደ ሌላው መግባቱ አያስገርምም። ተመራማሪዋን ማንኳሰስ ግን አልወድም። ጥያቄዋ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ደግሞ በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። በ2005 ከሰሜን ሜክሲኮ፣ ከኑዌቮ ሌዮን ግዛት የመጡ መዥገሮች ላይ የታይፈስ ቡድን ሪኬትሲያ መገኘቱ ተጽፏል። በአሜሪካም ከ1970ዎቹ ጀምሮ በራሪ ሽኮኮዎች ፕሮዋዜኪን እንደሚይዙ ይታወቃል። እነሱ ግን የሚያመላልሱት በቅማላቸውና በቁንጫቸው ነው ተብሎ ይታመናል። መዥገር ላይ መገኘትና መዥገር ማስተላለፍ ለየቅል ናቸው። የታመመ ደም የጠጣ ተባይ ሁሉ ሆዱ ቢከፈት የጠጣው ነገር ይገኝበታል። ላም ለላም ዞሮ ሰው ላይ ተስቦ ያመጣ መዥገር ግን እስከ ዛሬ በአግባቡ የተረጋገጠ የለም።

እንግዲህ የላሟ መዥገር ምን ያመጣል? ዋናው ያው ሪኬትሲያ አፍሪኬ ነው። የሚሸከመው አምብሊዮማ የሚባለው ትልቁ መዥገር ነው። ወንዱ ጀርባው ላይ ብርቱካናማ የመሰለ ያማረ ቀለም አለው፤ አባትሽ ቢጠየቁ ወዲያው ያውቁታል። ይህ መዥገር ሣር ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ብቻ አይደለም፤ እየተራመደ ሰውን ያሳድዳል። በአንድ ቀን ብዙ ሆነው ሊነክሱም ይችላሉ። ከሳምንት ገደማ በኋላ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የአንገት ጡንቻ ሕመም ይመጣል። መለያው የተነከሰው ቦታ ነው። እዚያ ላይ መሐሉ ጥቁር ቅርፊት የያዘ፣ ዙሪያው የቀላ ትንሽ ቁስል ይወጣል። አንዳንዴም ከአንድ በላይ ነው። ቀጥሎ በዚያው አቅጣጫ ብሽሽት ወይም ብብት ላይ ንፍፊት ያብጣል። ያስቸግራል እንጂ ብዙ ጊዜ አይገድልም።

ሁሉም የመዥገር ሪኬትሲያ እንዲህ ለስላሳ አይደለም። በአሜሪካ «የሮኪ ተራሮች ትኩሳት» የሚባለው ሰው ይገድላል። ይህን በሽታ መዥገር እንደሚያስተላልፍ በ1906 ያሳየው ራሱ ሪኬትስ ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ወገኖቻችን ቅዳሜና እሑድ ጫካ ገብተው ሲመለሱ ገላቸውን ቢያዩ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ትኩሳት ከመጣ ሽፍታ ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ከአምስተኛው ቀን በኋላ የሚጀመር ሕክምና አደጋው ይከብዳል። እስራኤል ላሉት ደግሞ የውሻ መዥገር የራሱ የሆነ ሪኬትሲያ አለው። የድሮ የሕክምና መጻሕፍት እነዚህን ሁሉ «የመዥገር ታይፈስ» እያሉ ስለሚጽፏቸው ነው ሐኪም ሳይቀር አንዳንዴ የሚደናገረው።

ወደ አባትሽ ወረቀት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የብዙ ሰው ችግር ነውና። ዋይል ፌሊክስ በ1916 አካባቢ የመጣ ምርመራ ነው። የሚገርመው የተስቦውን ባክቴሪያ ጨርሶ አይፈልግም። ላብራቶሪው የሚጠቀመው ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው። የተስቦ ሕመምተኛ ደም ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ከዚህ ፕሮቲየስ ጋር በአጋጣሚ ይጣበቃል። መጣበቁ ከታየ «ፖዘቲቭ» ይባላል። በቃ ይኸው ነው። ኦኤክስ 19 በቅማል ተስቦ ይጣበቃል። በአይጥ ቁንጫ በሚመጣው ታይፈስም ይጣበቃል። በመዥገር ትኩሳትም ሊጣበቅ ይችላል። ሪኬትሲያ የሚባል ነገር በሌለበት፣ በፕሮቲየስ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የያዘው ሰውም ሊጣበቅ ይችላል። አንድ የ71 ዓመት ሰው የፕሮስቴት ችግር ኖሮባቸው ሽንታቸው ቢመረዝ ይህንኑ ቁጥር ሊያወጡ ይችላሉ። ደግሞ ፀረ እንግዳ አካሉ ከመጀመሪያው ሳምንት በፊት ስለማይወጣ በእውነት ተስቦ ያለበት ሰው በሦስተኛው ቀን «ነፃ ነህ» ሊባል ይችላል።

ስለዚህ 1፡160፣ ማለትም የደሙ ናሙና 160 እጥፍ ቀጥኖም መጣበቁ የታየበት ልክ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተለክቶ ብዙ አይናገርም። ከአሥር ቀን በኋላ ተደግሞ በአራት እጥፍ ቢያድግ ያኔ ክብደት ይኖረዋል። ትክክለኛው ምርመራ ሌላ ነው፤ ጤና ጣቢያ ደረጃ አይገኝም። እኔ በበኩሌ ይህ ምርመራ ከላብራቶሪያችን ቢወጣ አላዝንም። እስኪወጣ ድረስ ግን ከወረቀቱ ይልቅ በሽተኛው ይታይ።

አንድ ያነሣሽው ነገር ቀልቤን ስቦታል፤ አባትሽ በወጣትነታቸው ተስቦ ይዟቸው ነበር ማለትሽ። ፕሮዋዜኪ አንዴ የያዘውን ሰው ሙሉ በሙሉ ለቆ አይሄድም። ድኖ፣ ሠርቶ፣ ወልዶ ከብዶ፣ ከ30 እና 40 ዓመት በኋላ ሰውነቱ ሲደክም በሽታው ሊነሣበት ይችላል። ብሪል ዚንሰር በሽታ ይባላል። ናታን ብሪል በ1910 ኒው ዮርክ ውስጥ ቅማል በሌለባቸው፣ ከምሥራቅ አውሮፓ በመጡ ሰዎች ላይ አይቶት ግራ ገብቶት ነበር። ሐንስ ዚንሰር በ1934 ምሥጢሩን ገለጠው። ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይቀላል። ለዚህ በሽታ ቅማልም መዥገርም አያስፈልግም። ነገር ግን ያን ጊዜ ቅማል ካለበት ሰው ጋር ከተኙ፣ ከእሳቸው ተነሥቶ ወረርሽኝ ሊጀምር ይችላል። ተስቦ በወረርሽኝ መሐል የሚደበቀው ከብት ላይ ሳይሆን እንዲህ ያለ አዛውንት ገላ ውስጥ ነው። ደግሞ በዚህ በሽታ ዋይል ፌሊክስ ብዙ ጊዜ አይጣበቅም፤ ስለዚህ የእሳቸው 1፡160 ወደ ሌላ ቦታም እንድንመለከት ያደርገናል።

አሁን የምትሠሪውን ልንገርሽ። ዛሬውኑ በጥሩ ብርሃን አባትሽን እዩአቸው። እግር፣ ጭን፣ ብሽሽት፣ ብብት፣ ወገብ፣ ከጆሮ ጀርባ። ጥቁር ቅርፊት ካለ፣ ንፍፊት ካበጠ፣ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ያ የመዥገር ትኩሳትን ያሳያል። ቀጥሎ ልብሳቸውን ገልብጡ። ቅማል የሚኖረው ገላ ላይ ሳይሆን ልብስ ውስጥ ነው፤ የሸሚዝ አንገትጌ፣ የሱሪ ወገብ፣ የጋቢና የካፖርት ስፌት ውስጥ። ቅጫሙንም እዚያው ታገኙታላችሁ። ካለ ልብሱን ሁሉ ቀቅሉት። መቀቀል የማይችለውን በፕላስቲክ አጥብቃችሁ አስራችሁ ሳይነካ አቆዩት። አብረዋቸው የሚተኙትም ልብስ እንዲሁ። ሽፍታ ፈልጋችሁ ስታጡ አትዘናጉ፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ የተስቦ ሽፍታ በቀላሉ አይታይም።

ሕክምናውን በተመለከተ መልካም ዜና አለ። በቅማልም ይምጣ፣ በመዥገር፣ በቁንጫ፣ ወይም ከድሮው የተረፈ ይሁን፣ የሚያድነው መድኃኒት አንድ ነው፤ ዶክሲሳይክሊን። ስለዚህ ምንጩ እስኪታወቅ መጠበቅ አያስፈልግም። መጠኑን የሚወስነው ግን ሐኪም ነው። ከፋርማሲ ዝም ብላችሁ ገዝታችሁ አትስጧቸው።

መዥገር ከሰው ሲነቀል በወረንጦ ቆዳው ሥር ይያዝና ቀጥ ብሎ ይሳባል። ክብሪት፣ ነጭ ጋዝ፣ ቅቤ፣ ቫዝሊን አያስፈልግም። ከላም ሲነቀልም በጥፍር አይጨፍለቅ፤ የሚወጣው ፈሳሽ በተላጠ ጣት ወይም በዓይን ሊገባ ይችላል። አባትሽ እንደ ብዙ አርሶ አደር ሲጨፈልቁ ከነበረ ለሐኪሙ የሚነገር ነገር ነው። ላሞቹን ደግሞ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይርጭላችሁ። ተስቦ ስለሚያመጡ አይደለም፤ መዥገር ወተት ስለሚያጎድል፣ ጋት ስለሚያቆስልና ለከብቷ የራሷ በሽታ ስለሚያመጣባት ነው።

ዶክሲሳይክሊን ከጀመሩ በኋላ ትኩሳቱ በሁለት፣ ቢበዛ በሦስት ቀን መብረድ አለበት። ካልበረደ ነገሩ ሪኬትሲያ ላይሆን ስለሚችል ሆስፒታል ውሰዷቸው። የደም ፊልም ይሠራላቸው፤ ወባና ግርሻ እዚያ ይታያሉ። ግርሻም እኮ በልብስ ቅማል የሚመጣ ነው። ሽንታቸውም ይመርመር። መቃዠት ከጀመሩ፣ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ወይም ሽንታቸው ካነሰ ግን ሦስት ቀን አትጠብቂ፤ በዚያው ሌሊት ይዘሻቸው ሂጂ።